ለድመቷ ያጎደልኩት ዱዓ

ታላቅ ወንድሜ የሰደበኝ አባታችንን በቀበርን በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው። ቦታው የአባቴ ግቢ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ስር፤ ሰዓቱ ሰባት ተኩል ገደማ። ሊያጽናኑን የመጡ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ ማን የት እንደተቀመጠ እስከ ዛሬ በጣቴ ላሳይ እችላለሁ። ለአባቴ ዱዓ ላድርግ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ሁለት ቃል ሳልል ምላሴ ተሳሰረ። ያሰረው ለቅሶ ነበር፤ ወንድሜ ግን በሰው ፊት አለማወቅ አደረገው። በአፍንጫው ሳቅ አለና፣

«ተወው ጥጡ፣ አንተ እንኳን ለአባታችን፣ ለድመት ዱዓ ለማድረግም አትበቃም» አለኝ።

አሥሩ ሳቁ። አባቴ ገና ከአፈሩ ጋር ሳይላመድ፣ ሳቁ። አንዱ፣ ሥጋ ሻጩ፣ ሳቁን በሳል ሸፈነው። እሱን እስከ ዛሬ ቀድሜ ሰላም እለዋለሁ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ቃል እንደ ጥርስ ሕመም ይዤው ዞሬአለሁ፤ ቀን ተወት፣ ብቻዬን ስሆን ጠዝጠዝ።

ጥጡ የሚሉኝ ፍራሽ ሠሪ ስለሆንኩ ነው። ጥጥ እነድፋለሁ፣ ያረጀ ፍራሽ ፈትቼ አዲስ እሰፋለሁ። ቅንድቤ ሁልጊዜ ነጭ ነው። ከወንድሜ ጋር ቁርኣን ቤት የገባነው አብረን ነበር። በሦስተኛው ዓመት የጥጥ ነዳፊው አባቴ ክንድ ደከመና የመንደፊያውን ደጋን የሚይዝለት ፈለገ። «ትልቁ ጭንቅላት አለው፣ ይማር። ትንሹ ክንድ አለው» አለ። በቃ፣ እንዲህ ተከፋፈልን። እሱ ተማረ፣ ነገደ፣ መካ ደርሶ መጣ፣ የጨርቅ ሱቅ ከፈተ። ታናሹም ታላቁም ሐጂ ይለዋል። እኔ ከሱቁ ጀርባ፣ በመጋዘኑ ጥግ፣ ከጣቃዎቹ ኋላ ተቀምጬ ጥጥ እነድፋለሁ። ጥጉን የሰጠኝ እሱ ነው። መስጠቱን እንዳልረሳ በየሳምንቱ ይነግረኛል።

አንድ ዱዓ ግን ከማንም እኩል አውቃለሁ። ላገባ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ የመስጊዱን ምንጣፍ የሚያጥቡት ሽማግሌ፣ ሼኽዬ የምንላቸው፣ ጠርተው አስጠኑኝ። «ሙሽራህ ቤትህ ስትገባ ግንባሯን ይዘህ ይህን በላት። እንስሳ ገዝተህ ስታስገባም ያው ነው» አሉኝ። «አላሁመ ኢንኒ አስአሉከ ኸይረሃ ወኸይረ ማ ጀበልተሃ ዐለይህ» ብሎ ይጀምራል። አላህ ሆይ፣ የእሷን መልካም፣ በተፈጥሮዋም ያኖርክባትን መልካም እለምንሃለሁ፣ ማለት ነው። ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ «ወአዑዙ ቢከ ሚን ሸሪሃ ወሸሪ ማ ጀበልተሃ ዐለይህ» ይላል። ከእሷ ክፋት፣ በተፈጥሮዋም ካኖርክባት ክፋት በአንተ እጠበቃለሁ። ሼኽዬ ሰባት ቀን እስክሰለች አስደጋግመውኛል። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ድምፄን ዝቅ ሳደርግ ጉልበቴን በመጥረጊያ ይመቱኝ ነበር። «በሩን ግማሽ ዘግተህ ትተኛለህ?» ይሉኛል።

ሚስቴ ትርጉሙን የሰማች ቀን፣ «እና እኔን ከግመል ጋር አንድ ላይ አስገባችሁኝ?» አለች።

«ግመል ይሻላል፤ ነገር አይመልስም» አልኳት።

«አይመልስም፣ ይረግጣል» አለች። እንዲህ ናት።

ዘንድሮ መጋዘኑን አይጥ ወረረው። ጣቃ ይበሳሉ፣ የእኔ ጥጥ ውስጥ ይወልዳሉ። ወንድሜ ተሸካሚውን ላከና ከእህል መጋዘኑ ሰፈር አንዲት ድመት በኬሻ አስመጣ። ዓርብ ነበር፣ ከጁምዓ መልስ። ደንበኞች ነበሩ፣ ጎረቤት ነጋዴዎች ነበሩ፣ ሚስቱ በጓሮው በር ቆማለች፣ ሴት ልጁ ደግሞ ኬሻው ላይ ተደፍታለች።

ስለ ልጅቷ ልንገራችሁ። ሰባት ዓመቷ ነው። ከአራት ወንዶች በኋላ የመጣች፣ ስትወለድ ከመዳፍ የማትበልጥ ስለነበረች ጠብታ አልናት፤ በዚያው ቀረ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ጥላ የእኔ ጥጥ ክምር ላይ ትወጣለች፣ ታነጥሳለች፣ ትስቃለች። ከእናቷ ሌላ በዚያ ቤት ጥጡ የማይለኝ እሷ ብቻ ነበረች። አጎቴ ትለኛለች። ለእሷ ያለኝን ፍቅር ለገዛ ልጆቼም አልነገርኩም፤ ይቀኑብኛል።

ድመቷ ወጣች። አመድ የመሰለች፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ። ጀርባዋ ላይ ፀጉር ያልሸፈነው ጠባሳ ነበራት። ጠብታ «አመዴ! አመዴ እንበላት!» ብላ ጮኸች።

ወንድሜ ዙሪያውን አየ። ሰው መኖሩን ሲያይ ዓይኑ ያበራል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው።

«ዱዓ ያስፈልጋታል» አለ። «ጥጡ! ና እስኪ። ያን ቀን ለድመት አትበቃም ብዬህ አኩርፈህ ነበር አሉ። ይኸው ድመት! ሞክራት!»

ሳቁ። እጄ ላይ ያለውን ጥጥ አራገፍኩ። አጠገባቸው ሄጄ ተንበረከክኩና የድመቷን ግንባር በሁለት ጆሮዎቿ መሀል ያዝኩ። ትኩስ ነበረች። ዓይኔን ዓይኔን ታየኛለች፤ ድመት እንደዚያ አያይም። ቢስሚላህ አልኩ። የመጀመሪያውን ግማሽ ጥርት አድርጌ፣ ሸረሪት ድር ላይ የምሄድ ያህል ቀስ ብዬ አነበብኩት። ሳቁ ቆመ። ሁለተኛው ግማሽ ጋ ስደርስ በሹክሹክታ የምል መስዬ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ እንጂ አላልኩትም።

አልረሳሁትም። ማንም ረሳ እንዳይለኝ። አውቄ ነው የተውኩት። ሆዴ ውስጥ «ክፋቷ ለዚህ ሰውዬ ይድረሰው» ብዬ ነው። ሐሩ ላይ ትሽናበት፣ ቬልቬቱን ትቧጭርበት፣ ደንበኞቹ አፍንጫቸውን ይያዙበት። ከዚህ ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም፤ ወላሂ የለም።

«አሚን» አሉ ሁሉም።

«ማሻአላህ!» አለ ወንድሜ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ። «ጥጡ ተምሯል እንዴ! በሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህች ድመት የተነበበባት ናት። ማንም እንዳይነካት።»

ሦስት ሳምንት ሰላም ነበር። አመዴ አይጡን ጨረሰችው ማለት ይቻላል። አልሸናችም፣ አልቧጨረችም። እኔ በሆዴ ተናደድኩ። ጠብታ ከእሷ ጋር ጥጡ ላይ ተጋድማ የትምህርት ቤት ወሬ ታወራላታለች።

ከዚያ ድመቷ ድምጿ ተለወጠ። መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ የምውለው እኔ ነኛ። ጩኸቷ እንደ አሮጌ በር ሆነ። ያስቀመጥኩላትን ውሃ በሩቁ አይታ ወደ ኋላዋ አፈገፈገች። ከብርሃን ሸሸች። አንድ ከሰዓት መንደፊያዬን ሳንቀሳቅስ ክሩ ላይ ዘለለችና ነከሰችው፤ እንጨቱን እንደያዘች ቀረች። አፏ እርጥብ ነበር። ለወንድሜ ነገርኩት።

«ትኩሳት ነው፣ ያልፋል» አለ። «ደግሞ አንተ አይደለህ ያነበብክባት? የራስህን ሥራ አትመን እንግዲህ!»

በማግስቱ ጠብታ ከትምህርት ቤት መጥታ እጇን ከጣቃዎቹ መሀል ሰደደች። ስትጮህ መርፌዬን ጥዬ ተነሳሁ። መዳፏ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ ስር፣ አራት ቀዳዳ። እናቷ በሳሙና አጠበችው። ወንድሜ ዘይት ቀባውና በነጭ ጨርቅ አሰረው።

«ጤና ጣቢያ ትታይ» አለች ሚስቱ።

«ለድመት ጭረት?» አለ። «ሴትዮ፣ ቤታችን የገባች ቀን ከክፋቷ በአላህ ተጠብቀናል። ሰው ሁሉ አሚን ብሏል። አሁን መርፌ ፍለጋ ብንሮጥ ዱዓችንን አላመንነውም ማለት አይደለም?»

እኔ እዚያው ቆሜአለሁ። ነጩ ጨርቅ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ስትሰፋ እያየሁ።

ወደ ጥጌ ስመለስ የወንድሜ ሚስት ተከተለችኝ። ለሃያ ዓመት አንድም ክፉ ቃል ያልወጣት ሴት ናት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድም ጋሼ፣ በአላህ ልጠይቅህ። ሙሉውን ብለኸዋል?» አለችኝ።

«ሙሉውን» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። የዚያን ቃል ክብደት እኔ ነኝ የማውቀው። ጥጥ ክብደት የለውም ሲሉ እሰማለሁ፤ ውሃ ይንካውና ያንሱት።

በሦስተኛው ቀን አመዴ ሞታ ተገኘች። ያገኘኋት እኔ ነኝ፣ ሰው ለከፈን ከሚገዛው ከነጩ ጣቃ ኋላ፣ እግሮቿ ተወጥረው። ወንድሜ ከአንገቱ ሰገግ ብሎ አየና፣ «የጎረቤት የአይጥ መርዝ ነው» አለ። «ለጠብታ ጠፋች በሏት።» ከዚያ ተሸካሚውን አዘዘው፣ ወስዶ ቀበራት።

ተሸካሚው እጁን ታጥቦ ሲመለስ አጠገቤ ቁጭ አለ። እንዲሁ ወሬ ይወዳል።

«ያ ሰፈር ደግሞ ምን እንደነካው እንጃ» አለኝ። «የእህል መጋዘኑ ውሻ እኮ ይህችን ከማምጣቴ በፊት አብዶ ነበር። ሰው ሲነክስ ውሎ በድንጋይ ጨረሱት። እቺም ያን ጊዜ ጀርባዋን የነከሳት እሱ ነው፤ ከአፉ ነው ያስጣልኳት። ያኔ ነው ለሐጂ ትሆናለች ያልኩት፤ ጀግና ናት ብዬ።»

«ለሐጂ ነግረኸዋል?»

«ምኑን? ቁስሏ ድኖ የለ እንዴ!»

 እንግዲህ እወቁልኝ፣ ያን ቀን መሄድ ነበረብኝ። ተነስቼም ነበር። ጤና ጣቢያው በር ድረስ ሄጄ፣ ከዘበኛው ፊት ቆሜ፣ «ምን ፈልገህ ነው?» ሲለኝ «መንገድ ስቼ» ብዬ ተመለስኩ። ልጅቷን ይዤ ብመጣ አባቷ ለምን ይላል። ውሻው አብዷል ብል፣ ተነብቦባት የለ ወይ ይላል። ያ ጥያቄ የሚያደርሰኝ ቦታ አንድ ነው። ስድስት ዓመት ስቀው፣ አሁን ደግሞ ለድመት የማይበቃ ብቻ ሳይሆን ልጅ ያስነከሰ ሊሉኝ። በአላህ ቤት ሌባ ሊሉኝ። ቁስሉ እየደረቀ ነው፣ እሷም ትስቃለች፣ ምናልባት ምንም አይሆን፣ አልኩ። ምናልባት የሚሉት ቃል የሰነፍ ትራስ ነው፤ ተደግፌበት አሥራ ሰባት ቀን ተኛሁ።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ጠብታ ጥጡ ላይ ወጥታ ዝም አለች። ዝም ማለት ልማዷ አይደለም። ቀና ብዬ ሳያት መዳፏን ከፍራሹ ጠርዝ ጋር ትፈትጋለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ጉንዳን አለ፣ አጎቴ። እጄ ውስጥ።»

አየሁላት። ቆዳው ደህና ነው፣ ጠባሳው እንኳ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ጉንዳን የለም።

«እስከ ክርኔ መጥቷል» አለች። ውሃ ስሰጣት አንዴ ጎንጨት ብላ ኩባያውን መለሰችልኝ። «አልፈልግም። ጉሮሮዬ ጠበበ።»

ወደ እናቷ ሰደድኳትና ጫማዬን እንኳ በደንብ ሳላስር መስጊድ ደረስኩ። ሼኽዬ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተው በብሩሽ ይፈትጋሉ። ዓይናቸው ፈዟል፤ በኮቴዬ ለዩኝ።

«የድሮው ሙሽራ! ምን እግር ጣለህ?»

«አንድ ሰው ቢሆን» አልኩ፣ «አንድ ሰው እንስሳ ሲገባ ዱዓውን ግማሹን ቢል፣ ግማሹን ቢተው፣ አውቆ ቢተው...»

«ሰውየው ፊቱ ጥጥ አለበት?»

 ብሩሹን አስቀመጡ።

«ጨርስ» አሉ።

ጨረስኩላቸው። ድመቷን፣ ውሻውን፣ ጉንዳኑን፣ ውሃውን። ስለ ዱዓው ስናገር ፊታቸው አልተለወጠም። ስለ ጉንዳኑ ስናገር ነው የተለወጠው። በእጃቸው መሬቱን ተደግፈው ተነሱ።

«አንተ ሰውዬ» አሉ፣ «እኔ ዘንድ የመጣኸው ዱዓው ይሠራል አይሠራም ልትጠይቅ ነው? ሙሉውን ብትለውስ ኖሮ? ግመልህን እሰርና በአላህ ተመካ አላሉም ነቢያችን? ዱዓ ያደረገም ያላደረገም ከተነከሰ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል! ያጎደልከውን ለአላህ ትመልሳለህ፣ እሱ ጊዜ አለው። ልጅቷ ግን ጊዜ የላትም። ምነው በነከሰቻት ቀን ብትመጣ! ምነው!»

«አሁንስ?» አልኳቸው።

 ምንጣፉን እንደ እርጥቡ መጠቅለል ጀመሩ። 

የወንድሜ ሳሎን እንግዳ ሞልቶበት ነበር። ከሌላ ከተማ የመጡ ነጋዴዎች፣ ጎረቤቶች፣ አንድ ሁለት የመስጊድ ኮሚቴ። እሱ መሀል ትራስ ተደግፎ ያወራል። በጓሮ በር ገባሁ። ጠብታ የእናቷ አልጋ ላይ ተኝታለች፤ መጋረጃው ተዘግቷል። «ብርሃን ዓይኔን ይወጋኛል ትላለች» አለችኝ እናቷ።

«ልውሰዳት» አልኩ።

ሴትዮዋ ለምን አላለችኝም። ዓይኔን አየች፣ አየች፣ ከዚያ ከንፈሯ ነጣ። የልጇን ጫማ አወጣችና ተንበርክካ ማሰር ጀመረች። ግራውን ለቀኝ፣ ቀኙን ለግራ አደረገችው። ፈታች፣ እንደገና አሰረች። «ሙሉውን አላልክም» አለችኝ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ ጫማውን የምታናግር ይመስል።

ልጅቷን አቅፌ ስነሳ ሰውነቷ እሳት ነው። የጓሮው በር ቅርቤ ነበር። ግን ወደ መንገዱ የሚያደርሰው የሳሎኑ ነው፤ በጓሮ ብዞር ሩብ ሰዓት ይጨምራል። በሳሎኑ አለፍኩ።

«ወዴት ነው?» አለ ወንድሜ።

«ጤና ጣቢያ።»

«ምን ሆና? ጉንፋን ይዟት እኮ ነው። አስቀምጣት፣ ሰው እያየ!»

«የድመቷ ነው» አልኩ።

 ወንድሜ ተነሳ። ፊቱ ላይ መጀመሪያ ሳቅ መጣ፤ ልማዱ ነዋ፤ ከዚያ ሳቁ ቦታ አጣ።

«ስሙት እንግዲህ» አለ ወደ እንግዶቹ ዞሮ። «ያነበበባት እሱ ራሱ ነው! በገዛ ዱዓው የማያምን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቤቴ ላይ ሟርት ይዞ መጣ፣ ቅናት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!»

ድሮ ቢሆን እዚያው ተተክዬ በቆምኩ ነበር። ደሜ ቢፈላም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ትንሽ ደስ ብሎኛል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ የማያውቀውን እኔ አውቅ ነበር፤ በአንዲት ቃል ከዚያ ትራስ ላይ ላወርደው እችል ነበር፤ ራሴንም አብሬ። ልጅቷ አንገቴ ስር ተነፈሰች። ትንፋሿ ይቆራረጣል። 

«ልቀቀኝ» አልኩት፣ ክንዴን ይዞ ነበር።

አለቀቀኝም። ፊቴን በቅርበት አየ። ያኔ ሚስቱ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች፣ ሻርፗን ሳታስተካክል፣ በእንግዳ ፊት።  እሱ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ልጁን። ጣቶቹ ክንዴ ላይ ሲላሉ ተሰማኝ። ድምፁ ለሰው የሚናገርበት ድምፅ አልነበረም፤ ልጆች ሆነን፣ በአንድ ፍራሽ ላይ ስንተኛ የነበረው ድምፁ ነበር።

«ወንድሜ» አለ። «ያን ቀን ምን ብለህ ነው ያነበብክባት?»

አንድ ሰው ብርጭቆ አስቀመጠ። 

«ንገረኝ። ምን ብለህ ነበር?»

«አጎቴ» አለች ጠብታ ጆሮዬ ስር፣ «አባዬ እየጠየቀህ ነው።»

የልጅቷን ራስ ብርሃኑ እንዳያገኘው በጋቢዬ ሸፈንኩና ወጣሁ። ደረጃውን ወርጄ፣ የሱቁን በር አልፌ፣ ወደ ትልቁ መንገድ ታጠፍኩ። ወንድሜ ከደጁ ላይ ሆኖ አሁንም ይጠይቀኛል፤ አንዴ በስሜ፣ አንዴ «ጥጡ» እያለ። አልዞርኩም።